የጭቃው ቤትና የከተማው ሌሊት፦ የሐሰን ፋትሒ የምርምር ሕይወት በሂስ ዐይን

እ.ኤ.አ. በ1964 በካይሮ የሕንፃ ምርምር ማዕከል ግቢ ውስጥ ሁለት የሙከራ ክፍሎች በአንድ ፀሐይ ሥር ተለኩ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ግድግዳውም ጣሪያውም 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው የጭቃ ጡብ የተሠራ ነው። ሌላኛው ከፋብሪካ ተዘጋጅቶ በመጣ፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ሜትር በሆነ የኮንክሪት ገበታ የተገጣጠመ ነው። በማርች ወር ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ በተወሰደው ልኬት የጭቃው ክፍል አየር በ21 እና በ23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ዋለ፣ አደረም። የኮንክሪቱ ክፍል ግን 36 ዲግሪ ደረሰ፤ ከጭቃው ክፍል በ13፣ ከውጭው አየር ደግሞ በ9 ዲግሪ በለጠ። ቤት የሚሠራው ከፀሐይና ከብርድ ለመጠለል ነው። እዚህ ግን ከኮንክሪቱ ቤት ይልቅ ደጁ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ግብፃዊው የሥነ ሕንፃ ምሁር ሐሰን ፋትሒ (1900–1989) ይህን ልኬት ያሰፈረው በ1986 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በታተመውና የተፈጥሮ ኃይልንና ነባር የሕንፃ ጥበብን በሚመረምረው መጽሐፉ ነው። ስሙ ሲነሣ ግን ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሌላውን መጽሐፉን፣ የጉርናን መንደር ታሪክ የተረከበትንና መጀመሪያ በ1969 በካይሮ፣ ኋላም በ1973 «ሥነ ሕንፃ ለድሆች» በሚል ርእስ በቺካጎ የታተመውን ነው። በዚህ ምክንያት ፋትሒ ሲወደስም ሲወቀስም የኖረው እንደ ባለ ራእይ እንጂ እንደ ተመራማሪ አይደለም። ሥራው ከሙቀት መለኪያው ተነሥቶ መነበብ አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የሚጸናውም የሚጎድለውም እዚያ ላይ ይለያል።

ፋትሒ አሌክሳንድርያ ተወልዶ በ1926 በካይሮ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕንፃ ተምሮ ተመረቀ፤ ከ1930 ጀምሮም በካይሮ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማረ። ወደ ጭቃ ያደረሰው ግን ትምህርት ቤት አይደለም፤ ጦርነት ያመጣው እጥረት ነው። በ1941 ባህቲም በተባለ ስፍራ ለእርሻ ማኅበር ቤቶችን ሲሠራ የጭቃ ጡብ ግድግዳዎቹ ቆሙ፤ ለጣሪያ የሚሆን እንጨትም ብረትም ግን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተነሣ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። ከጭቃ ጡብ ቅስት ጣሪያ ለመሥራት ሞከረ፤ ወደቀበት። በአስዋን ግድብ ሥራ ላይ የነበረው ወንድሙ ኑብያውያን ያለ እንጨት ድጋፍ ቅስት እንደሚሠሩ ነገረውና ወደዚያው ሄደ።

በአስዋን ምዕራብ ዳርቻ ያየውን በዝርዝር ጽፎታል። ግንበኞቹ የሚጠቀሙበት ጡብ ከተለመደው የበለጠ ጭድ የተቀላቀለበት፣ ስለዚህም ቀለል ያለ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ በአንድ ገጹ ላይ በጣት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሁለት መሥመር ይቦረቡሩበታል፤ ይህ ቦይ ጡቡ ከተለሰነው ጭቃ ጋር እንዲጣበቅ ያደርጋል። ከዚያ ሁለት ሰዎች በጎንና ጎን ግድግዳዎች ላይ በተጋደመ ሳንቃ ላይ ይቆማሉ። የኋላውን ግድግዳ ጭቃ ይለስኑና በመጥረቢያቸው ጫፍ፣ ያለ መለኪያና ያለ ገመድ፣ በዐይናቸው ብቻ ቅስቱን ይስላሉ። የመጀመሪያው የጡብ ረድፍ ወደዚያ ግድግዳ ዘንበል ብሎ ይለጠፋል፤ ቀጣዩ በእሱ ላይ ይደገፋል፤ እንዲህ እያለ ጣሪያው ከግድግዳው እየወጣ ክፍሉን ይሸፍነዋል። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው መሐንዲስ ያልቻለውን ሠሩት። ፋትሒ ይህን አይቶ ከማድነቅ አልፎ ግንበኞቹን አስተማሪዎቹ ማድረጉ ከሥራዎቹ ሁሉ ታላቁ ይመስለኛል።

ጉርና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በሉክሶር አንጻር፣ በናይል ምዕራብ፣ በጥንታውያን መኳንንት መቃብሮች ላይ ቤት ሠርተው የሚኖሩት የጉርና ሰዎች የመቃብር ዕቃ በማውጣትና በመሸጥ ይታሙ ነበር። ከአንድ መቃብር የታወቀ የግድግዳ ቅርጽ ተቆርጦ ሲሰረቅ የቅርሳ ቅርስ መሥሪያ ቤት መንደሩን በሙሉ ለማንሣት ወሰነ፤ በ1945 አዲሱን መንደር እንዲሠራ ለፋትሒ ተሰጠው። 7,000 ሰው የሚኖርበት መንደር ታስቦ መስጊዱ፣ ገበያው፣ ቴአትሩ፣ ትምህርት ቤቱና የቤቶቹ ከፊል ከቆሙ በኋላ ሥራው በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ቆመ። ነዋሪዎቹ አልመጡም። ፋትሒ እንደሚተርከው የውኃ መከላከያውን ግድብ ቀድደው መንደሩን ለማጥለቅለቅ የሞከሩም ነበሩ። ጉልላት ያለው ቤት ለገበሬው የቅዱሳን መቃብር ምልክት እንጂ ልጅ የሚያሳድግበት ጎጆ እንዳልነበረ ብዙዎች ጽፈዋል።

በዚህ ላይ የቀረበው ጠንካራ ሂስ የቲሞቲ ሚቸል ነው። በ2002 በታተመው ሥራው፣ ጉርና የቅርስ ጥበቃ በሚል ስም ሰዎችን ከቀያቸው የማንሣት ረጅም ታሪክ አንዱ ምዕራፍ እንደሆነ ያሳያል። ሂሱ እውነት አለው። ፋትሒ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር ተመካክሮ ቤቱን ለመንደፍ ፈለገ፤ ነገር ግን ዋናው ጥያቄ፣ «መሄድ ትፈልጋላችሁ ወይ?» የሚለው፣ ከእሱ በፊት በመሥሪያ ቤት ተዘግቶ ነበር። አሠሪው መንግሥት ነበር፤ የጉርና ሰዎች ተቀባይ ብቻ ነበሩ። ይህን ካልን በኋላ ግን ከመንደሩ ማኅበራዊ ውድቀት ተነሥቶ የሙቀት ምርምሩንም መጣል ስሕተት ነው። ገበሬው ጉርናን የናቀው ቤቱ ስለሞቀው አይደለም።

ወደ ልኬቱ እንመለስ። እንደ ሂስ ጸሐፊ የ1964ቱን ሙከራ ሳነበው ሁለት ነገር ይጎረብጠኛል። አንደኛ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ጭቃን ከ10 ሳንቲ ሜትር ኮንክሪት ጋር ማወዳደር የቁሳቁሱን ጠባይና የውፍረቱን ውጤት ይቀላቅላል፤ ልዩነቱ ስንቱ ከጭቃነት፣ ስንቱ ከውፍረት እንደመጣ አይለይም። ሁለተኛ፣ ማርች የካይሮ ጭንቅ ወር አይደለም፤ በጁላይ የጭቃው ክፍልም ከምቾት ወሰን መውጣቱ አይቀርም። ያም ሆኖ ሙከራው የተነሣለትን ነገር አረጋግጧል፦ በጊዜው መንግሥታት ለድሃ ቤት ብለው በብዛት ይሠሩት የነበረው ስስ የኮንክሪት ሣጥን፣ ማቀዝቀዣ መግዛት ለማይችል ሰው፣ ምድጃ ነው።

ፋትሒ የቤትን ሙቀት ሲመረምር፣ የከተማ ሙቀት ጥናት በሌላ መሥመር ሲያድግ ነበር። እንግሊዛዊው ሉክ ሃዋርድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ሌሊት ከዙሪያው ገጠር በ2 ዲግሪ ገደማ እንደሚሞቅ በልኬት አሳየ። «የከተማ ሙቀት ደሴት» የሚለው አጠራር በ1950ዎቹ መጨረሻ በጎርደን ማንሊ ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ጉዳዩን የፊዚክስ ጥናት ያደረገው ግን በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ቲም ኦክ ነው። በ1973 የከተማን ሕዝብ ብዛትና የሙቀት ልዩነቱን አያያዘ፤ በትልልቅ የሰሜን አሜሪካ ከተሞች ነፋስ በሌለበትና ሰማይ በጠራበት ሌሊት ልዩነቱ እስከ 12 ዲግሪ ሊደርስ እንደሚችል አመለከተ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ከምክንያቶቹ አንዱን ለይቶ አወጣ፦ በረጃጅም ሕንፃዎች መካከል የቀረ ጠባብ መንገድ ሰማይን በቅጡ አያይም፤ ግድግዳውና አስፋልቱ ቀን የጠጡትን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ መላክ ሲያቅታቸው እርስ በርስ ይቀባበሉታል። ሙቀቱም መንገዱ ላይ ያድራል።

የፋትሒና የኦክ ሥራ ጎን ለጎን ሲቀመጥ አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ወፍራም ግድግዳ በረሃ ውስጥ ቤትን ያቀዘቅዛል፤ ከተማ ውስጥ ሌሊቱን የሚያሞቀውም ያው ግድግዳ ነው። ሁለቱም ሥራቸው አንድ ነው፤ ቀን ሙቀት ይጠጣሉ፣ ማታ ይተፋሉ። ልዩነቱ የተተፋው ሙቀት ወዴት ይሄዳል የሚለው ላይ ነው። የኑብያ ቤት ሙቀቱን የሚልከው ወደ ጥርት ያለ የበረሃ ሰማይ ነው። ከሁሉም አቅጣጫ ፎቅ በከበበው ሰፈር ያንኑ ግድግዳ ብንገትረው ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው በጎረቤት መስኮት ላይ ይሆናል። «ወደ ጭቃ እንመለስ» የሚለው መፈክር ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ከተማ መግባት የለበትም።

ፋትሒ ይህን ሙሉ በሙሉ ስቶታል ማለት አይቻልም፤ መልሱ በከፊል በነባሯ ካይሮ ጥናቱ ውስጥ አለ። ውስጠ ግቢ ሌሊት ለሰማይ ክፍት ስለሆነ ሙቀቱን ይለቃል፤ የቀዘቀዘው ከባድ አየር ወርዶ ይጠራቀምና እስከ ረፋዱ ክፍሎቹን ያቀዘቅዛል። በጥላው ግቢና ፀሐይ በሚመታው የጓሮ አትክልት መካከል የተሠራው፣ ታኽታቡሽ የሚባለው መቀመጫ ደግሞ የሁለቱን የሙቀት ልዩነት ነፋስ ያደርገዋል፤ ጓሮው ሲግል አየሩ ይነሣል፣ ከግቢው ቀዝቃዛው ይሳባል። መልቀፍ የሚባለው የነፋስ መያዣ ከጣሪያ በላይ ወጥቶ የሚቆም ጭስ ማውጫ የሚመስል ግንብ ነው፤ ቤቶች ተጣብቀው መስኮት ነፋስ ባጣበት ሰፈር፣ ከላይ ያለውን ብርቱና አቧራው ያነሰ አየር ይይዝና ወደ ታች ያወርዳል። በጉርና ትምህርት ቤት ፋትሒ በዚህ ግንብ ውስጥ የራሰ ከሰል አስቀምጦ የአየሩን ሙቀት በ10 ዲግሪ እንዳወረደ ጽፏል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን በተሠራ የካይሮ አዳራሽ ላይ በ1973 የለንደን ተመራማሪዎች የወሰዱትን የነፋስና የሙቀት ልኬት በመጽሐፉ ያካተተውም አባቶች በልማድ የደረሱበት ነገር በመሣሪያ ሊረጋገጥ እንደሚችል ለማሳየት ነው። ነባር ሰፈር ማለት ለእሱ ግድግዳው ብቻ አልነበረም፤ በግድግዳዎች መካከል የተተወው ባዶ ቦታም ጭምር ነው። አንድን ሰፈር ወደ መንገድ የሚታየውን ፊቱን ብቻ አስቀርተን ጀርባውን በፎቅ ስንሞላ የምናጠፋው ይህንኑ ባዶ ቦታ ነው።

የቀረው እንከን የቁሳቁስ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ ቅርብ ነው። የግብፅ የጭቃ ጡብ የሚሠራበት ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ ከኛ ደጋ ተጠርቦ የወረደ አፈር ነው። የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ደለሉን ከያዘው በኋላ የግብፅ እርሻ አዲስ አፈር ማግኘት አቆመ፤ በ1980ዎቹም መንግሥት የእርሻ አፈርን ለጡብ መቁረጥ በሕግ ከለከለ። ፋትሒ «ከእግር ሥር ያለ፣ ዋጋ የሌለው» ብሎ የተነሣበት ቁስ ውድ ሆነ። ያው ግድብ በ1963 እና 1964 ወደ 50,000 የሚጠጉ የግብፅ ኑብያውያንን ከቀያቸው አስነሥቶ ኮም ኦምቦ አካባቢ ወደተሠሩላቸው የመንግሥት ቤቶች አጋዘ። የቅስቱን ጥበብ ያቆዩት ብዙ መንደሮች ከውኃ በታች ቀሩ። የፋትሒ ሌላው መንደር፣ በኻርጋ በረሃ የተጀመረው አዲሱ ባሪስ፣ በ1967ቱ ጦርነት ተቋርጦ እንደተጀመረ ቀረ።

ነባሩ ጉርናም አልተረፈም። ከ2006 መጨረሻ ጀምሮ በነበሩት ጥቂት ዓመታት ከኮረብታው ላይ ፈርሶ ሕዝቡ ወደ አዳዲስ ሰፈሮች ተዛወረ። በፋትሒ በተሠራው መንደር ደግሞ ብዙ ቤቶች በነዋሪዎቻቸው ፈርሰው በኮንክሪትና በተተኮሰ ጡብ ተተክተዋል፤ በ2010 የዓለም ቅርሶች ፈንድ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው፤ ዩኔስኮም ሕዝባዊ ሕንፃዎቹን ለመጠገን ገባበት። በ1980 ፋትሒን ያከበሩት የአጋ ኻንና የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማቶች መንደሩን አላዳኑትም። ለቤቱ ተጨማሪ ክፍል የሚፈልግ፣ ወንድ ልጁን ሲድር ከላይ ፎቅ ጨምሮ የሚያስቀምጥ ሰው፣ ጉልላት ላይ ፎቅ መጨመር አይችልም። ይህ የምህንድስና ጉድለት ነው፤ ፋትሒም ሊያስብበት ይገባ ነበር።

ፍርዴ እንግዲህ ይህ ነው። ፋትሒ ስለ ሙቀት ያለው በመሠረቱ ልክ ነው፤ ስለ መንደር ባለቤትነት ግን ሥልጣን ለያዘው አሠሪ ብዙ ለቅቋል። የሙቀት ጥናትንና የነባር ሰፈር ጥበቃን አንድነት በመረዳት ግን ከብዙዎቹ ቀድሟል፦ ነባር ሰፈር ስለተዋበ ብቻ ሳይሆን ስለሚሠራ ነው የሚጠበቀው፤ የሚሠራ መሆኑም የሚታወቀው ሲለካ ነው።

ለእኛ የሚቀረው ሥራ ያን ያህል የሚከብድ አይደለም። የሐረር ጀጎል በ2006፣ የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ የተነገረው ስለ ታሪካቸውና ስለ ባህላቸው ነው። የጀጎል የድንጋይ ግድግዳ፣ የኮንሶ የሣር ክዳን፣ የአዲስ አበባ ነባር ሰፈሮች የጭቃ ቤትና የግቢ ዛፍ ቀንና ሌሊት ስንት ዲግሪ ያዋጣሉ የሚለው ግን በየዩኒቨርሲቲው የሥነ ሕንፃ ክፍል የመመረቂያ ጽሑፍ መሆን አለበት። የአየር ሙቀት መመዝገቢያ መሣሪያ ውድ አይደለም። መንገድ ሊወጣበት፣ ፎቅ ሊቆምበት በተወሰነ ሰፈር ከመፍረሱ በፊት ከነባሩ ቤት ውስጥና ከመንገዱ ላይ፣ ከተሠራ በኋላም ከዚያው ቦታ ላይ፣ በተለይም ሌሊት፣ ልኬት ይወሰድ። መምህራን ተማሪዎቻችሁን ላኩ፤ የከተማ አስተዳደሮችም ልኬቱን ከፈቃድ ሰነዱ ጋር አያይዙ።