«ሰረቀ» እና «ካይሶ»፤ ስለ ቃላት አተረጓጐም ጥቂት ሒስ

በአርባ ምንጭና በጋሞ ደጋ ልማድ የሚሰበስብ ተማሪ የቃላት ዝርዝሩን በሦስት ዓምድ ይከፍለዋል፤ ጋሞኛ፣ አማርኛ፣ እንግሊዝኛ። ስለ ሌብነት ሲደርስም «ካይሶት፣ ሰረቀ፣ ስቲል» ብሎ ያልፋል። ሦስቱ ቃላት ግን እኩዮች አይደሉም።

አስቀድሞ ስለ «ሰረቀ»። በግእዝ በንጉሡ ሠ የሚጻፈው «ሠረቀ» ወጣ፣ በራ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ የሚጻፈው ደግሞ የሌላውን በስውር ወሰደ ማለት ነው። ዲልማን በ1865 እ.ኤ.አ.፣ ሌስላውም በ1987 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መዝገበ ቃላት ሁለቱን ለየብቻ አስፍረዋቸዋል፤ ዐረብኛም «ሸረቀ» እና «ሰረቀ» ብሎ ይለያቸዋል። እንግዲህ ሌባንና የጨረቃን መውጣት ከአንድ ሥር የሚያወጣ ትርጓሜ መሠረት የለውም። አማርኛ ድምፆቹን አንድ ስላደረጋቸው፣ «ሠረቀ ብርሃን» የሚለውን ስም በእሳቱ ሰ የሚጽፍ ሰው ባለስሙን ሳያውቀው ሌባ ያሰኘዋል።

የእንግሊዝኛው «ስቲል» ከጀርመንኛው «ሽቴለን» ጋር ዘመድ ነው። ከመውሰድ ሌላ ተደብቆ መሄድንም ያመለክታል። እኛም «ሰረቅ አድርጎ አየ»፣ «የስርቆሽ በር» ስንል የጠፋ ንብረት የለም፤ ስውርነቱ ብቻ ነው። ሌባን የሚጠሩበት ስም በሁለቱም ቋንቋ ከሌላ ሥር መምጣቱ ደግሞ ይበልጥ ያቀራርባቸዋል። «ሮብ» የሚለው ሌላው ግሥ ግን ከልብስ ስም ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ በጥንት የተማረከ ልብስ ማለት ነበርና። «ዘረፈ» ብሎ ከመተርጐም ይልቅ «ገፈፈ» የሚለው የተሻለ ይስማማዋል።

ጋሞኛ የኦሞ ልሳን ነው፤ አካሄዱም ሌላ ነው። «ካይሶ» ሌባ ማለት ሲሆን፣ «ካይሶት» የሚለው ግሥ ከዚሁ ስም ይወጣል። አድራጊው ይቀድማል፤ ድርጊቱ ከእርሱ ይወለዳል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ሕዝቡ አሳብ መደምደም ችኰላ ነው፤ ሰዋስው ሥነ ልቡና አይደለምና። ዳሩ ግን በዱቡሻ ሸንጎ የተነገረውን ክስ በአማርኛ «ሰረቀ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው፣ ተናጋሪው በቃሉ ውስጥ የጠራውን «ሌባ» የሚለውን ስም ከመዝገቡ ያስወጣዋል፤ ለተከሳሹ ደግሞ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ጎሜ»ን «ኀጢአት» ብሎ መተርጐምም ከዚህ የባሰ ነው። ጎሜ ወጋን፣ ማለትም የአባቶችን ሥርዐት፣ ከመተላለፍ የሚመጣ ነው፤ መዘዙም ከአጥፊው አልፎ ለሌላው ይተርፋል ተብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሰብሳቢው ዓምዱን ትቶ ሙሉውን ዐረፍተ ነገር በጋሞኛ ይጻፍ፤ ማን ለማን፣ በየትኛው ዱቡሻ እንደ ተናገረውም ከሥሩ ያስፍር።