የሀዲድ ከተማ ድምፅ፦ አሊ ቢራን ከድሬዳዋ ሆኖ ማድመጥ

የኦሮምኛው ድምፃዊ አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ካረፈ ወዲህ ስለ እሱ የተጻፈው አብዛኛው ነገር ስለ ትግሉ ነው። መታሰሩ፣ መሰደዱ፣ ኦሮምኛ ከትምህርት ቤትና ከፍርድ ቤት በተገፋበት ዘመን በኦሮምኛ መዝፈኑ ተደጋግሞ ተነግሯል። መነገሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ጀግናው ሲወደስ ሙዚቀኛው ተረሳ። ድምፁን እንዴት እንደሚያወጣ፣ ዑዱን እንዴት እንደሚመታ፣ ዜማውን ከየት እንደቀዳ የሚጠይቅ ጽሑፍ ጥቂት ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ የአሊን ሙዚቃ የወለደችው ድሬዳዋ ናት፣ ከተማዋን ያላወቀም ዘፈኑን ግማሹን ብቻ ይሰማል።

ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሀዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልሆነለት በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆመ። ሥራው ለዓመታት ተቋርጦ ሀዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሐሉ እዚያ የበቀለችው ድሬዳዋ የሰውም የሸቀጥም ማራገፊያ ሆነች። የባቡሩ ሠራተኞችና የውጭ ነጋዴዎች ከዚራ በተባለው ሰፈር ሰፈሩ፤ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ዐረቡና ከመሐል አገር የመጣው ደግሞ ከደቻቱ ማዶ መጋላንና ዙሪያዋን ሞላ። በብዙ ከተሞቻችን ቤተ መንግሥቱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ ቀድሞ ገበያው ተከተለ። እዚህ የቀደመው ለገሃሬ፣ ማለትም ባቡር ጣቢያው ነው። ለሙዚቃ ታሪክ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የድሬ ዘፋኝ የመኳንንት ደጅ አልጠናም፤ የሚዘፍነው ለሰርገኛ፣ ለጎረቤት፣ ለሠራተኛ ነበር። አድማጩም ቋንቋው አንድ አልነበረም።

አሊ መሐመድ ሙሳ በዚህች ከተማ በ1939 ዓ.ም. ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ተለያይተው ከአባቱ ጋር አደገ። መጀመሪያ የዐረብኛ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎ የመንግሥት ትምህርት ቤት ገባ። በዚህ መንገድ ያለፈ የድሬ ልጅ ቤቱ በኦሮምኛ ያወራል፣ ቁርአኑን በዐረብኛ ይቀራል፣ ትምህርቱን በአማርኛ ይማራል፣ ገበያውን በሶማልኛና በሐረሪ ይውላል። ኋላ አሊ በእነዚህ ቋንቋዎች ሁሉ ሲዘፍን ብዙዎች እንደ ልዩ ተሰጥኦ ቆጠሩት። ተሰጥኦው ሌላ ቦታ ነው። ቋንቋዎቹን የሰጠው ሰፈሩ ነው፤ እሱ ያደረገው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ዜማው እንዳይንገራገጭ መጠበቅ ነው፤ ይህ ደግሞ የጆሮ ሥራ ነው።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የድሬዳዋ ወጣቶች አፍራን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን መሠረቱ። ስያሜው የሐረርጌ ኦሮሞ ጎሳዎች የጋራ መጠሪያ ነው። አሊ ቡድኑን የተቀላቀለው ገና በልጅነቱ ሲሆን ስለ ብራ ወቅት ያቀነቀነው የመጀመሪያ ዘፈኑ “ቢራ” የሚለውን ስም አተረፈለት፤ የአባቱን ስም የሚያስረሳ ስም።

የቡድኑን ሥራ ስንመረምር ዑዱ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ዑድ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ ከየመን በኩል ወደ ምሥራቁ የገባ ባለክር መሣሪያ ነው። ክራርና ማሲንቆ ባሳደጉት የደጋ ዘፈን ውስጥ ድምፃዊው ቃሉን ይስበዋል፣ ያርገበግበዋል፣ በጉሮሮው ብቻ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አሊ እንዲህ አይዘፍንም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለአንድ ሰው እንደሚያወራ ሰው ሐረጉን በአጭሩ ይጨርሳል፤ ቀሪውን ዑዱ ይመልስለታል። የኦሮሞ የሰርግ ዘፈን አውጪና ተቀባይ አለው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አሊ ያንን ሥርዓት ወደ አንድ ሰው አመጣው፤ አውጪው ጉሮሮው፣ ተቀባዩ ጣቱ ሆነ። ከዐረብ ዘፈን የመሣሪያውን ጠባይ፣ ከሱዳን ዘፈን የምቱን ልስላሴ ወሰደ፤ የዜማው አካሄድ ግን ከሐረርጌ ገጠር አልራቀም። እኔ የእሱን ታላቅነት የማየው እዚህ ጋ ነው። ቅልቅሉ ጎልቶ አይሰማም፤ ሁሉም ነገር ከጥንት አብሮ የኖረ ይመስላል።

መንግሥት አፍራን ቀሎን በጥርጣሬ ዓይን አየው፣ ብዙም ሳይቆይ አገደው። ገሚሱ አባል ታሰረ፣ ገሚሱ ድንበር ተሻገረ። አሊም እስርን ቀመሰ። ከዚያ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ውስጥ ተቀጠረ። ጥላሁን ገሠሠ፣ ማህሙድ አህመድ፣ ብዙነሽ በቀለ ያለፉበት ቤት ነው። ቡድኑን የዘጋው መንግሥትና ለቡድኑ ልጅ ደመወዝ የከፈለው መንግሥት አንድ ነው። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን በዝምታ ያልፉታል፤ ከጀግናው ታሪክ ጋር አይገጥምላቸውም። ለእኔ ግን የዘመኑን ሙዚቃ ለመረዳት ቁልፉ ይኸው ነው። መሣሪያው፣ መለማመጃው፣ ሬዲዮው፣ ደመወዙ በመንግሥትና በጦር ሠራዊቱ እጅ ነበር። ከከተማው ሰርግ ቤት የወጣ ልጅ ሙያ ብሎ ሊኖርበት የሚችለው ሌላ በር ጠባብ ነበር።

እዚህ ላይ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ላምጣ። ዘፋኟና ተዋናይቷ ኖራ አውኖር እ.ኤ.አ. በ1953 በፊሊፒንስ ቢኮል ክፍለ አገር፣ ኢሪጋ በተባለች የሀዲድ ከተማ ከድሃ ቤተሰብ ተወለደች። በልጅነቷ ባቡር ጣቢያ ላይ ለተሳፋሪዎች ውኃ ትሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ብሔራዊ የዘፈን ውድድር አሸነፈች። የፊልም ኩባንያዎች የዘፋኞችን አድናቂ ወደ ሲኒማ ቤት መሳብ ይፈልጉ ስለነበር በጥቂት ዓመታት ውስጥ የፊልም ተዋናይት ሆነች። ቀላ ያሉ ቅልቅል ዘሮች በነገሡበት የፊልም መንደር ጠይም፣ አጭር፣ የገጠር ልጅ መሪ ተዋናይት ስትሆን ሠራተኛው ሕዝብ ራሱን በመጋረጃው ላይ አየ። እ.ኤ.አ. በ1982 የሠራችው “ሂማላ” ዛሬም ከአገሪቱ ታላላቅ ፊልሞች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ሲንጋፖር ውስጥ በስቅላት የተቀጣችን የቤት ሠራተኛ ታሪክ ተጫውታ በካይሮ የፊልም ፌስቲቫል ምርጥ ተዋናይት ተባለች፤ ልጆቻቸውን ወደ ዐረብ አገር ለሸኙ የእኛ እናቶች ያ ፊልም ትርጉም አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2022 አገሯ ብሔራዊ አርቲስት ብላ ሰየመቻት፤ በ2025 አረፈች።

ኢሪጋና ድሬዳዋ ሁለቱም የጣቢያ ከተሞች ናቸው፤ ልጆቻቸውን የጠበቃቸው በር ግን ለየቅል ነበር። ኖራን የተቀበላት ገበያ ነው፤ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ስቱዲዮ። እኛ ዘንድ ከዘፈን ወደ ትወና የሚያሻግረው ድልድይ የአዲስ አበባ ቴአትር ቤት ነበር። አስናቀች ወርቁ በ1940ዎቹ ክራሯን ይዛ መድረክ ላይ ስትወጣ ዘፋኝም ተዋናይትም መሆን የቻለችው ቴአትር ቤቱ ሁለቱንም ሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር ስለሚያስተዳድር ነው። ድሬዳዋ ያን የመሰለ ቤት አልነበራትም። ወጣቶቿ ራሳቸው የሠሩት መድረክ አፍራን ቀሎ ነበር፣ እሱም ተዘጋ። ቡድኑ 10 ዓመት እንኳ ሳይነካ ቢቆይ ምሥራቁ የራሱን ተውኔት፣ ምናልባትም የራሱን ተዋናዮች ያወጣ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የመድረክ ማጣቱ ጉዳት የበረታው በሴቶቹ ላይ ነው። የሰርግ ዜማን በቃል ይዘው ያቆዩት በአመዛኙ ሴቶች ሲሆኑ፣ የመድረኩ ታሪክ ሲተረክ ግን ወንዶቹ ይቀድማሉ። እነ ሃሎ ዳዌን የመሰሉ የሐረርጌ ድምፃውያት ከአሊ ጋር እኩል ሊጠኑ ሲገባ በአንድ መስመር ይታለፋሉ። አሊን የሚወድ አጥኚ ዜማው የወጣበትን የሴቶች ዘፈን ሳይሰማ ስለ አሊ እንዳይጽፍ እመክራለሁ።

በ1963 ዓ.ም. አካባቢ የወጣው የአሊ ሥራ የመጀመሪያው የኦሮምኛ አልበም ተብሎ ይጠቀሳል። ቀጥሎ በመጡት ዓመታት የሠራቸው ቅጂዎች የሕይወቱ ምርጥ ሥራዎች ይመስሉኛል፤ ጊታሩ ከዑዱ የተማረውን ይናገራል፣ ነፋሽ መሣሪያዎቹም ድምፁን አይሸፍኑትም። በ1970ዎቹ አጋማሽ አገር ለቆ በስዊድን፣ በአሜሪካና በካናዳ ኖረ። የስደቱ ዘመን ዘፈኖች ናፍቆታቸው ጥልቅ ነው፤ ሆኖም ኪቦርዱ በርክቶ የቀድሞው የድምፅና የክር ምልልስ ይሳሳል። ወዳጆቹ ይህን መስማት አይወዱ ይሆናል። ቢሆንም የምንወደውን ሰው ሥራ አበጥሮ ማየት ማክበር ነው። ወደ አገሩ ተመልሶ የጅማ ዩኒቨርሲቲን የክብር ዶክትሬት ተቀበለ፤ ሲያርፍም የተቀበረው ድሬዳዋ ነው።

የቀደሙት ሥራዎቹ ተሰብስበውና ተጣርተው እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ህትመት 28ኛ ቁጥር የወጡት ፓሪስ ነው። አሳታሚው ምስጋና ይገባዋል። የከተማዋ ድርሻ ግን አሁንም አልተሠራም። በመጋላና በገንደ ቆሬ ሰፈሮች ቤቶች ውስጥ የሰርግ ካሴቶች፣ ፎቶግራፎች፣ በእጅ የተጻፉ ግጥሞች እንዳሉ ድሬን የሚያውቅ አይጠራጠርም፤ ከአፍራን ቀሎ ጋር የዘፈኑ፣ ያጨበጨቡ አዛውንቶችም እያለፉ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋና የባህል ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን መቅጃ አስይዘው ወደነዚህ ቤቶች ይላኩ፤ ካሴት ያለው ቤተሰብም ለልጁ ከማውረሱ በፊት አንድ ቅጂ ያስቀዳ።