ዱመርሶ የት ይበላል?

ስለ ልብ ወለድ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥዕል የሚተች ሰው አላጣንም። ስለ ምግብ ቤት የሚተች ግን እምብዛም የለንም። ምሳው ካልጣመን ‹‹ዛሬስ አልቀናንም›› ብለን ሒሳብ ከፍለን እንወጣለን፤ ከጣመን ደግሞ ለወዳጆቻችን እንጠቁማለን። ከዚያ ያለፈ ነገር ሲነሣ ስለ ሆድ ማውራት ነውር ነው የሚለው አስተዳደጋችን አፋችንን ይይዘዋል። እኔ ግን ምግብ ቤትም እንደ መጽሐፍ ይነበባል ባይ ነኝ። ደራሲ አለው፤ አንባቢ አለው፤ ለማን እንደተጻፈም ከመጀመሪያው ገጽ ያስታውቃል። ዱመርሶን ያየኋት በዚህ ዓይን ነው።

ዱመርሶ ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው መሥመር የምትገኝ ትንሽ የጌዴኦ ከተማ ናት። ስሟ ግን ከቁመቷ ይረዝማል። በአሜሪካና በአውሮፓ ቡና ቆልተው የሚሸጡ ቤቶች ‹‹ይርጋ ጨፌ - ዱመርሶ›› የሚል ጽሑፍ በከረጢታቸው ላይ ያትማሉ፤ ከስሙም ሥር ቡናው ምን ምን ዓይነት አበባና ፍራፍሬ እንደሚሸት ይዘረዝራሉ። እንግዲህ ስሟን በዚህ መልክ ሰምቶ የመጣ መንገደኛ ምሳውን የት ይብላ? ቡናውንስ የት ይጠጣ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን ብዙ ነገር ይጎትታል።

ከአስፋልቱ ዳር እንጀምር። መኪናው ሲቆም ከፊት ለፊት የሚገኙት ምግብ ቤቶች ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ናቸው። አስተናጋጇ ጠረጴዛውን እየወለወለች የምትጠራው ዝርዝር አዲስ አበባ፣ ሞጆም ሆነ ሻሸመኔ ከምትሰሙት አይለይም፦ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ዱለት፣ ቀይ ወጥ፣ ተጋቢኖ፣ ፍርፍር፣ ፓስታ በሥጋ፣ ፓስታ በአትክልት። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ በያይነቱ ይጨመራል። በሙያ ደረጃ ይህን ሁሉ ልነቅፈው አልችልም። ጥብሱ ትኩስ ነው፤ ሽሮው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ ይቀርባል፤ ዋጋውም የዋና ከተማ ነዋሪን አያስደነግጥም። ርቦት ለቆመ ሹፌር ከዚህ የበለጠ ምን ይደረግለታል?

ነገር ግን ዝርዝሩን እንደ ጽሑፍ አንብቡት። የጾም በያይነቱ የተዘጋጀው ለማን ነው? በጌዴኦ አብዛኛው ሕዝብ የፕሮቴስታንት እምነት ተከታይ ነው። እንጀራውስ? የጌዴኦ ኮረብታ ዋና ሀብቱ ጤፍ ሳይሆን እንሰትና ቡና ነው፤ ጤፉ ከሩቅ በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ስለዚህ ያ ዝርዝር የተጻፈው ለአላፊ አግዳሚው፣ ለቡና ነጋዴው፣ ለመንግሥት ሠራተኛውና ለእንደኔ ዓይነቱ ከተሜ ነው። ምግብ ቤቱ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ፣ ጀርባውን ለኮረብታው ሰጥቶ ተቀምጧል። ዓይኔን ሸፍነው ቢያስቀምጡኝና ቢያጎርሱኝ የት እንዳለሁ መናገር አልችልም። በእኔ መመዘኛ ትልቁ ጉድለት ይኸው ነው።

ኮረብታው ላይ ያለውን ደግሞ እንይ። ጌዴኦ ረጃጅሙን ዛፍ ከላይ፣ እንሰትና ቡናን ከሥሩ አድርጎ በአንድ ማሳ ላይ ያኖራል። ከላይ ሲያዩት ጫካ ነው፤ ውስጡ ሲገቡ የሰው ጓሮ ነው። በአገራችን የገጠር ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ሆኖ ሳለ ዛፉ አለመመንጠሩ የጥናት ርእስ ሆኗል፤ ታደሰ ኪጴ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመው የዶክትሬት ጥናቱ የጌዴኦን የመሬት አያያዝ በሰፊው መርምሮታል። የዚህ ሁሉ ምሰሶ እንሰት ነው። እንሰት እንደ በቆሎ በወራት አይደርስም፤ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከፍታ አራት፣ አምስት፣ ሰባት ዓመት ይጠበቃል። ከደረሰ በኋላ ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል፤ ሥሩን ይደቁሱታል፤ ቀላቅለው በራሱ በእንሰቱ ቅጠል በተለበጠ ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል። እዚያ ሳምንታት፣ ወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይብላላል። ሲፋቅ ከሚወጣው ፈሳሽ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ዱቄት ቡላ ይባላል። ቡላው ለገንፎ ሲሆን ለአራስና ለታመመ ሰው የተከበረ ምግብ ነው፤ አሚቾው ደግሞ ተቀቅሎ እንደ ድንች ይበላል።

እንግዲህ የሰባት ዓመት እርሻና የወራት ጉድጓድ ያለበት ምግብ በዚያው አገር ምግብ ቤት ምን ቦታ ተሰጠው? አንዳንዱ ቤት ጭራሹን የለውም። አንዳንዱ ያለው ደግሞ ከክትፎ ጋር ነው። ክትፎ በቆጮ የጉራጌ ምግብ ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ቆጮን ያስተዋወቁትም የጉራጌ ባለምግብ ቤቶች ናቸው፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ነገሩን የሚያስቅ ያደረገው የዱመርሶው ቆጮ ከጓሮው ተነሥቶ ጠረጴዛው ላይ ለመውጣት በአዲስ አበባ በኩል መዞሩ ነው። በገዛ አገሩ በሌላ ምግብ አጃቢነት፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ ስስ ወረቀት ተቆራርጦ ይቀርባል። እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ እንግዳ።

ቆጮ በራሱ ጥንካሬና ድክመት አለው። ኃይል ሰጪነቱ ብዙ፣ ፕሮቲኑ ግን ጥቂት ነው። ቆጮ በሊው ሕዝብ ይህን ከሳይንቲስቶች ቀድሞ ያወቀ ይመስል ከአይብ፣ ከጎመን፣ ከባቄላና ከወተት ጋር አጣምሮ ይበላዋል። ስለዚህ ቆጮን በትክክል የሚያቀርብ ቤት እነዚህን አብሮ ያቀርባል። ትኩስ መሆንም አለበት፤ ከምጣዱ እንደወረደ ዳሩ ጠበስ፣ መሐሉ ለስለስ ያለ። ሽታው ለለመደ ሰው እንደ እርሾ ሽታ ነው፤ ላልለመደ ግን መጀመሪያ ላይ ያስፈራል። ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ግን ይረሳል።

እንዲህ ያለውን ቆጮ ዱመርሶ ላይ አግኝቻለሁ፤ ያገኘሁት ግን ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ታፔላ በሌላት አንዲት ጠባብ ቤት ነው። ደንበኞቿ ቡና ተሸካሚዎችና ገበያ ውለው የሚመለሱ ሰዎች ናቸው። ትኩስ ቆጮ፣ በቅቤ የታሸ ጎመን፣ ትንሽ አይብና ዓይን የሚያስነባ ዳጣ በእንሰት ቅጠል ላይ ቀረበልኝ። ከዲላ እስከ ይርጋ ጨፌ ከበላሁት ሁሉ የሚበልጠው እርሱ ነበር። በዕድሜ ጠና ያሉትን ባለቤቷን ‹‹እማማ፣ ለምን አስፋልቱ ዳር ወጥተው አይሸጡም?›› ብላቸው ሳቁብኝ። ‹‹ልጄ፣ እንግዳ የሚፈልገው እንጀራ ነው። ይኼ የቤት ምግብ ነው›› አሉኝ። ‹‹የቤት ምግብ›› ሲሉ የትሕትና ብቻ ሳይሆን የኀፍረትም ቃና ነበረው። ነገሩ ከጣዕም በላይ መሆኑ የገባኝ በዚህ ነው። አንድ ሕዝብ የሚበላውን ለእንግዳ ማቅረብ ካፈረ፣ ልጆቹ ያንኑ ‹‹የድኻ ምግብ›› ብለው ሊተውት አንድ እርምጃ ነው የቀራቸው። ቆጮ ከተተወ ደግሞ እንሰቱ ይነቀላል፤ እንሰቱ ከተነቀለ ቡናው ከጎኑ የቆመው ጥላና እርጥበት ጠባቂ ይቀርበታል።

ወደ ቡናው እንምጣ። ይርጋ ጨፌ የሚለውን ስም ለማስከበር አገራችን ብዙ ደክማለች። ስሙ በንግድ ምልክትነት እንዲመዘገብ በተደረገው ጥረት ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተነሣው ሙግት እ.ኤ.አ. በ2007 በስምምነት አልቋል። ስሙን አስከበርን ማለት ነው። ስኒውንስ? ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ለረጅም ዓመታት ሲከለክል ኖሯል። የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ስለሆነ ምክንያቱ ይገባኛል። ውጤቱ ግን ለአገር ውስጥ ጠጪ የሚደርሰው በአመዛኙ ደረጃ ያላሟላው፣ ከምርጡ ተለቅሞ የቀረው መሆኑ ነው። በአስፋልቱ ዳር የጀበና ቡና ቄጤማው ተጎዝጉዞ፣ ዕጣኑ ጤሶ ይቀርባል፤ ሥርዓቱ አንዳች አይጎድለውም፤ ፍሬው ግን ከስሙ ጋር አይተዋወቅም። አንዳንዱ ቤትማ እስኪከስል ቆልቶ መራራነቱን በስኳር ይሸፍነዋል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ጥሩውን ቡና ማግኘት የሚቻለው ከገበሬው ቤት ነው። ገበሬው እሸቱን ለእጥበት ጣቢያ ቢሸጥም ለቤቱ ፀሐይ ላይ አድርቆ የሚያስቀምጣት ጀንፈል አትጠፋም። እርሷ ተወቅጣ፣ ሳስታ ተቆልታ፣ በጨው ወይም በጤና አዳም ስትጠጣ በከረጢት ላይ ስለ አበባና ፍራፍሬ የተጻፈው ተረት እንዳልሆነ ይታወቃል። በጎረቤት በጉጂ ደግሞ ቡናው ከነገለፈቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላበት ‹‹ቡና ቀላ›› አለ። ይህ ሁሉ ከአስፋልቱ ጥቂት ገባ ብሎ እያለ መንገደኛው የከሰለ ቡና ጠጥቶ ያልፋል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ሜክሲኮ በካሪቢያን ባሕር ዳር ካንኩን የተባለችውን የመዝናኛ ከተማ የገነባችው በመንግሥት ዕቅድ ሲሆን ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መባቻ ነው። ዛሬ እዚያ የሚሄድ ጎብኚ ብዙውን ጊዜ የምግቡን ዋጋ ከአልጋው ጋር አስቀድሞ ይከፍላል፤ እጁ ላይ አምባር ታስሮለት ከሆቴሉ ቅጥር ሳይወጣ አገሩ የሚበላውን ዓይነት በልቶ ይመለሳል። የዚያ አካባቢ ሕዝብ የሚኮራበት፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ በመሬት ውስጥ ምድጃ የሚበስለው የአሳማ ሥጋ ግን የሆቴል ሠራተኞች በሚኖሩበት ሰፈርና በገበያ ዳር ጉሊት ይበላል። በኖራ ውኃ ተቀቅሎ የሚፈጨው በቆሏቸውም እንደ ቆጯችን የብዙ ሰዓት የሴት ድካም አለበት። ልዩነቱ ሜክሲኮዎች አላፈሩበትም፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ባህላዊ ምግባቸውን በዩኔስኮ መዝገብ ላይ አስፍረውታል። ባሕር ዳሩን ለእንግዳ ምግብ ቢለቁም ገበያውን አለቀቁም።

የእኛም ተራ ደርሷል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ትክል ድንጋዮቹን፣ ጥብቅ ጫካዎቹንና የቡናውን ጥላ ለማየት እንግዳ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። የተመዘገበው እንሰትና ቡና ያቆሙት ማሳ መሆኑን ልብ በሉ። ያ እንግዳ ቅርሱን በዓይኑ አይቶ ምሳውን ፓስታ በሥጋ ከበላ፣ የቅርሱን ግማሽ ሳያየው ሄደ ማለት ነው። ገንዘቡም ለፓስታው ፋብሪካና ለጤፍ ነጋዴው እንጂ እንሰት ለፋቀችው እናት አልደረሰም።

ባለምግብ ቤቶቹ የሚሰጡት መልስ አለ። ‹‹ማንም አይጠይቀንም፤ ያልተጠየቀ ነገር ሠርተን እንክሰር?›› ይላሉ። እውነት አላቸው። ነጋዴ ከጠያቂው ቀድሞ አይሄድም። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የእነርሱ ነው አልልም፤ ሳንጠይቅ የምናልፈው እኛም አለንበት። ጥብሱን ያንሱ አላልኩም። ከጥብሱ ጎን አንድ ትኩስ ቆጮ በአይብና በጎመን፣ አንድ የቡላ ገንፎ፣ አንድ ከገበሬ ቤት የተገዛ ጀንፈል ቡና ማኖር ኪሳራ አያመጣም። ከሁሉም በላይ ቆጮውን የምታቀርበው ሴት ታፔላ ሊኖራት ይገባል።

እስከዚያው ለአንባቢ የምለው ይህን ነው። ዱመርሶ ስትደርሱ ከመጀመሪያው በር አትግቡ። የቸኮላችሁ ከሆነ ሽሮውን ብሉ፤ አያሳፍርም። ጊዜ ካላችሁ ግን ቡና ተሸካሚዎቹ የት እንደሚበሉ ጠይቁና ተከተሏቸው። ቆጮው ትኩስ መሆኑን፣ አይቡም አብሮ መኖሩን አረጋግጡ። ቡናውን ከመቀመጣችሁ በፊት ሳይቆላ አሳዩኝ በሉ፤ ፍሬው የተመረጠ ከሆነ ባለቤቷ ደስ ብሏት ታሳያችኋለች። ሒሳቡን ስትከፍሉም ምግቡ የእንግዳ ምግብ መሆኑን ንገሯት።