ሐይቅን በስልክ ማንበብ

ባለፈው ክረምት ሐይቅ ከተማ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለሆነች የአጎቴ ልጅ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ አንድ ጥናት በስልኬ ከፈትኩላት። ስለ ሐይቃቸው ነው። ተመራማሪዎች ከወለሉ ደለል አውጥተው የ2000 ዓመት ገደማ የአየር ንብረት አንብበውበታል። ሲነገር ቀላል ነው፦ ሐይቁ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ድርቅ ሲበረታ ውሃው ይተናል፤ ቀላሉ ኦክስጅን ቀድሞ ይሄድና ከባዱ ይበዛል። ወለሉ ላይ የሚዘቅጠው ኖራ ያንን ልዩነት ይዞ ይቀመጣል። የ66ን እና የ77ን ድርቅ ከአያቶቿ አፍ እየሰማች ላደገች የወሎ ልጅ ይሄ ተራ ወሬ አይደለም።

ግን ፒዲኤፍ ነው። በሁለት ዓምድ የታጨቀ፣ በጣት ካልተለጠጠ የማይነበብ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ፎቶኮፒ ነው» ብላ መለሰችልኝ። ከዚያ እሷ የምታነበውን አሳየችኝ። ኮከብ በሞላው ሰማያዊ ምስል ላይ በቢጫ የተጻፈ ስለ ሐይቁ «አስደናቂ እውነታ»። አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይንስ፣ ስድስት ቃለ አጋኖ። እስከ መጨረሻው አንብባዋለች። አልፈርድባትም።

የምፈርደው በገጹ ላይ ነው። ጽሑፍ ምስል ሲሆን ለዓይነ ስውር የሚያነብ መተግበሪያ አያየውም፣ ምንጩን ተጭኖ መሄድ አይቻልም፣ ፍለጋም አያገኘውም። (ፍለጋው መቼም በራሱ ጣጣ ነው፤ «ሐይቅ» ብዬ ብጽፍ ጣና መጣልኝ፣ «ሀይቅ» እና «ኃይቅ» ብለው የጻፉት ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው።) ፊደላችንም ይጎዳል። «ሱ»ን ከ«ሲ» የምትለየው አንዲት ጭረት ናት፤ ለላቲን በተለካ መጠን ሲያሳንሱትና ሲያደምቁት ጭረቷ ትጠፋለች። መስመሮቹ ካልተራራቁ ደግሞ ዓይን ይደክማል። ይህን የብራና ጸሐፊዎች ያውቁት ነበር። አቢይና ንዑስ ፊደል ስለሌለን አርእስቱን በቀይ ቀለም ለዩት፣ ኅዳጉን ሰፊ አድርገው ተዉት። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከዚያው ውሃ ዳር ነው፤ የገጽ ንድፍ ከውጭ የመጣብን አይደለም።

የአማርኛው ዊኪፔዲያ እንኳ፣ ደረቅ ነው ብለን የምናማው፣ ጽሑፉ ጽሑፍ ነው፤ በደካማ ኔትወርክም ይከፈታል። የሚጎድለው ሥዕል ነው። እንቅስቃሴ፣ ሙዚቃ፣ ብልጭልጭ አላልኩም። አንድ ነገር የሚያስረዳ አንድ ሥዕል።

እሱን ደብተሯ ጀርባ ላይ ሣልኩላት፦ ውሃው፣ ከሥሩ ደለሉ፣ በደለሉ ውስጥ የተኛው ንብርብር፤ ከላይ ቅርቡ ዘመን፣ ከታች የጥንቱ። ትንሽ አየችውና እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች።

«ታዲያ የ77ቱ የቱ ጋ ነው?»

ፒዲኤፉን እንደገና ከፈትነው።