ጫፍ ሲናገር፦ ስለ ሳቲን ጉርድ እና ዳንቴሉ

ዳንቴል ጫፍ ስላለው የሳቲን ጉርድ ቀሚስ የሚነሣው ክርክር ሁሌ የሚጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ «የውስጥ ልብስ ለብሰሽ ልትወጪ ነው?» የካ ሚካኤል ሰፈራችን ውስጥ ጠያቂዎቹ እናቶች ናቸው። ልጆቹ ደግሞ መልስ ከመስጠት ይልቅ ስልክ አውጥተው ቪዲዮ ያሳያሉ። ለእኔ ግን ሁለቱም ወገን ልብሱን በደንብ ያየው አይመስለኝም።

እናቶቹ አልተሳሳቱም። የዚህ ጉርድ ዘር የሚመዘዘው ከውስጥ ቀሚስ ነው፤ ያ ዳንቴል ከቀሚስ ስር ብቅ ካለ ደግሞ ነውር ነበር። ድንበሩ የተሻገረው በእኛ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 ልዕልት ዳያና ኒውዮርክ ለሜት ጋላ የለበሰችው፣ ጆን ጋሊያኖ ለዲዮር የሠራው ጥቁር ሰማያዊ የሳቲን ቀሚስ ጠርዙ ዳንቴል ነበር። የውስጥ የሚመስል ልብስ አደባባይ ከወጣ ቆየ እኮ።

ታዲያ ለምንድነው አንዱ ጉርድ ሲያምር ሌላው በእውነት የውስጥ ልብስ የሚመስለው? መልሱ ያለው ጨርቁ ውስጥ ነው። ሳቲን የክር ስም አይደለም፤ የአሸማመን ስም ነው። ሸማኔዎቻችን ነጠላ ሲሠሩ ማጉ አንዱን ድር ከላይ፣ ቀጣዩን ከስር እያለ ያልፋል። ሳቲን ላይ ግን አንዱ ክር አራትና ከዚያ በላይ ክሮችን ዘሎ አንዴ ብቻ ይጠልቃል። ብርሃን የሚንሸራተተው በዚያ ረጅም ዝላይ ላይ ነው፤ ክሩ ሐርም ይሁን ፖሊስተር። ይህ ጨርቅ በ45 ዲግሪ አግድሞ ሲቆረጥ ይለጠጣል፣ ከዳሌ በታች እንደ ውሃ ይወርዳል። ፈረንሳዊቷ ማድሌን ቪዮኔ በ1920ዎቹ የታወቀችው በዚህ አቆራረጥ ነው። ችግሩ ጨርቅ ይበላል። ጨርቅ ለመቆጠብ ቀጥ ብሎ የተቆረጠው ርካሽ ጉርድ ሆድ ላይ ይጨማደዳል፣ ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት ስትወጡበት ጉልበት ላይ ይያያዛል። ነውሩ ካለ እዚህ ጋ ነው፤ ስፌቱ ላይ።

ሁለተኛው ድክመት አለባበሱ ነው። ቪዲዮዎቹ የሚያስተምሩት አንድ ቀመር ብቻ ነው፦ ለስላሳ ከታች፣ ሻካራ ከላይ። ሰፊ ሹራብ፣ ስኒከር፣ አለቀ። ለየካ ብርድ ይመቻል፤ አልክድም። ግን ዓይን ሹራቡ ላይ ይቀራል፣ ዳንቴሉም እንደ ትርፍ ነገር ከታች ይንጠለጠላል።

እኛ ደግሞ ጫፍ ማንበብ የምናውቅ ሰዎች ነን። ነጠላ ለሐዘን ሲለበስ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ ፊት አካባቢ ይወጣል። ጨርቁ ያው ነው፤ ጫፉ ቦታ ሲቀይር መልእክቱ ይቀየራል። እንዲህ ያለ ዓይን ያለው ሰው ዳንቴልን እንደ ተራ ጌጥ ማየቱ ያስቆጨኛል። ጉርዱን ከታች ወደ ላይ ልበሱት፦ መጀመሪያ ዳንቴሉን የማይሸፍን ጫማ፣ ቀጥሎ ዝም ያለ፣ ወገብ ላይ የሚያርፍ ሹራብ ወይም ሸሚዝ። ከነጠላ ጋር ከሆነ ጥለቱ ቀጭን ይሁን፤ ሁለት ጫፎች እኩል ሲጮኹ አንዱም አይሰማም።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ ልብስ አደባባይ እንደሚመዘን ያውቃል። ጥር 12 የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ ይህን ጉርድ ለብሳ ለምትወጣ ልጅ «የውስጥ ልብስ ነው» ማለት ትችት አይሆንም፤ «ቀሚስ ነው» ብሎ ማለፍም እንደዚሁ። ትክክለኛው ጥያቄ ይህ ጫፍ እንዲታይ ታስቦ ተሠርቷል ወይስ አልተሠራም የሚለው ነው። መልሱን የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ነው። ስለ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ጨርቁን በየት በኩል እንደሚቆርጠው ጠይቁት።