በሌላው በር የገባች ተማሪ፦ ስለ «ሪታን ማስተማር» ተውኔትና ፊልም

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ዋናው በር ጠባብ ነው። በዕድሜውና በጊዜው ተፈትኖ ያለፈ ይገባበታል፤ ድህነት፣ ጋብቻ፣ ሥራ ወይም የተማረበት ትምህርት ቤት ድክመት ወደ ኋላ ያስቀረው ግን ከደጅ ይቀራል። ከደጅ የቀረው ሁሉ ችሎታ የለውም ማለት ስላልሆነ ብዙ አገሮች ከዋናው በር ጎን ሌላ በር ከፍተዋል። ስለዚህ ሌላ በር ደንብና መመሪያ በብዛት ተጽፏል። በበሩ የገባው ሰው ከገባ በኋላ ምን እንደሚገጥመው፣ ምን አግኝቶ ምን እንደሚያጣ የሚያሳዩ የፈጠራ ሥራዎች ግን ብዙ አይደሉም። ከጥቂቶቹ አንዱ የእንግሊዛዊው ጸሐፌ ተውኔት የዊሊ ረስል «ሪታን ማስተማር» (ኤጁኬቲንግ ሪታ) ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተውኔቱንና ከእርሱ የተሠራውን ፊልም መርምሮ፣ ለእኛ ለመምህራንም ሆነ ለተማሪዎቻችን የያዘውን ቁም ነገር ማመልከት ነው።

የተውኔቱን ነገር ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ብሪታንያው ክፍት ዩኒቨርሲቲ (ኦፕን ዩኒቨርሲቲ) ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ሐሳቡን «የአየር ዩኒቨርሲቲ» በሚል ስያሜ በ1963 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት የሌበር ፓርቲው መሪ ሃሮልድ ዊልሰን ነበሩ፤ የስኮትላንድ የማዕድን ሠራተኛ ልጅ የነበሩት ሚኒስትር ጄኒ ሊ ብዙ ተቃውሞ አልፈው ከዳር አደረሱት። ተቋሙ በ1969 ተመሥርቶ በ1971 መጀመሪያ ማስተማር ጀመረ። ለመግባት የሁለተኛ ደረጃ ማስረጃ አይጠየቅም ነበር። ተማሪው ከሥራው ሳይለይ በፖስታ በሚላኩለት መጻሕፍት፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስርጭት፣ በአስጠኚ መምህራንና በበጋ ኮርስ ይማር ነበር። የላላው መግቢያው ብቻ ነው፤ መውጫው እንደ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ጥብቅ ነበር።

ደራሲው ይህን ዓለም ከውስጥ ያውቀዋል። በ1947 እ.ኤ.አ. ሊቨርፑል አጠገብ ተወልዶ፣ በ15 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ የሴቶች ጸጉር ሠሪ ሆነ። ዕድሜው ሃያ ገደማ ሲደርስ ወደ ትምህርት ተመለሰ፤ በመምህርነት ሠለጠነ፤ አስተማረም። እንግዲህ ዋናዋን ገጸ ባሕርይ ጸጉር ሠሪ ያደረጋት እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ተውኔቱ በ1980 ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመድረክ በቃ።

ታሪኩ በሙሉ የሚፈጸመው በሰሜን እንግሊዝ በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ፣ በአንድ መምህር ቢሮ ውስጥ ነው። በመድረክ የሚታዩትም ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ፍራንክ ሃምሳ ዓመት ያለፈው የሥነ ጽሑፍ መምህር ነው፤ ግጥም መጻፉን ትቷል፤ ጠርሙሱን ከመጻሕፍቱ ጀርባ ይደብቃል። የክፍት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለማስጠናት የተስማማውም ለመጠጥ የምትሆን ገንዘብ ፈልጎ ነው። ሪታ የ26 ዓመት ባለትዳር ጸጉር ሠሪ ናት። ባሏ ዴኒ ልጅ እንድትወልድለት ይፈልጋል፤ እሷ ግን እናት ከመሆኗ በፊት ራሷን ማወቅ ትሻለች። የወሊድ መከላከያ መውሰድ እንዳላቆመች ሲደርስበት መጻሕፍቷንና ጽሑፎቿን ያቃጥላል። ትዳሩ ይፈርሳል፤ ትምህርቱ ይቀጥላል። መጀመሪያ ስትመጣ የቢሮው በር ተጣብቆ አልከፈት ይላታል፤ እየታገለች ትገባለች። በሌላ ቀን ዘይት ይዛ መጥታ እጀታውን ትቀባዋለች። ደራሲው ይህን አያብራራም፤ የገባው ሰው ይገባዋል።

ተውኔቱን ከተራ ቀልድ ከፍ የሚያደርገው የማስተማርን ሥራ በትክክል ማሳየቱ ነው። ሪታ የሼክስፒርን «ማክቤዝ» በትያትር ቤት አይታ እጅግ ከመደሰቷ የተነሣ በምሳ ሰዓቷ እየሮጠች ወደ ፍራንክ ትመጣለች። እሱም በአሳዛኝ አደጋና በትራጀዲ መካከል ያለውን ልዩነት ያስረዳታል፦ ዛፍ ወድቆበት የሞተ ሰው ዜናው ያሳዝናል፤ የማክቤዝ ጥፋት ግን ከገዛ ጠባዩ እየተፈተለ፣ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው የሚመጣ ነው። መምህሩ የተማሪዋን ደስታ ሳያጠፋ ስም ሰጠው። ይህ ትዕይንት ስለ ማስተማሪያ ዘዴ ከተጻፉ ብዙ ገጾች የበለጠ ያስተምራል።

ቀጥሎ ግን ከባዱ ነገር ይመጣል። ስለ «ማክቤዝ» የጻፈችው ድርሰት ከልብ የመነጨና ሕይወት ያለው ነው፤ ለፈተና ሲቀርብ ግን ዋጋ የለውም። ፍራንክ እውነቱን ለመናገር ይቸግረዋል፤ እንድታልፍ ከተፈለገ የራሷ የሆነውን ነገር አፍና መያዝ እንደሚኖርባት ያስጠነቅቃታል። ሪታ አታመነታም። ድርሰቱን ቀዳ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ተመልካቹ ይደሰታል፤ አንድ ነገር እንደተቀደደም ይሰማዋል። የተውኔቱ ዋና ግጭት ይህ ነው። በሌላው በር የገባ ሰው የሚፈተነው ዋናው በር በሠራው ቋንቋ ነው። ያንን ቋንቋ መማሩ ግዴታ ነው፤ የራሱን መጣሉስ ግዴታ ነውን?

ሪታ በሁለት ዓለም መካከል መቆሟን ደራሲው በአንድ ምሽት ያሳያል። ፍራንክ ቤቱ እራት ይጋብዛታል። እስከ ደጁ ሄዳ በመስኮት የተማሩትን እንግዶች ታያለች፤ ልብሷንና ያመጣችውን ወይን ታፍርበታለች፤ ሳትገባ ትመለሳለች። ቤተሰቦቿ ወዳሉበት መጠጥ ቤት ስትሄድ ደግሞ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይዘፍናሉ፤ እሷ አብራ መዝፈን ያቅታታል። በዘፈኑ መሐል እናቷ ታለቅሳለች፤ ከዚህ የተሻለ ዘፈን ሊኖር ይገባል የሚል ስሜት ያላት እናት ናት። የወጣችበት ቤት እንግዳ ሆነባት፤ የምትሄድበት ገና አልተቀበላትም። በትምህርት ከቤተሰቡ የራቀ ሁሉ፣ ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ መምህርም ቢሆን፣ ይህን ስሜት ለይቶ ያውቀዋል።

በሁለተኛው ክፍል ነገሩ ይገለበጣል። ሪታ ከበጋ ኮርስ ትመለሳለች፤ ልብሷ ተለውጧል፤ ድምፅዋንም ለጊዜው ትለውጣለች። ፍራንክ ዊልያም ብሌክን እንደ ስጦታ አድርጎ ሊያስተምራት ሲዘጋጅ እሷ አስቀድማ ተምራዋለች። ወዲያው ይከፋዋል። ሌሎች ተማሪዎች ወዳጆቿ ይሆናሉ፤ ጸጉር ቤቱን ትታ ሌላ ሥራ መያዟን እንኳ ዘግይቶ ይሰማል። ራሱን ከፍራንከንስታይን ደራሲ ከሜሪ ሼሊ ጋር እያነጻጸረ ጭራቅ ፈጠርኩ ይላል። መምህራን ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባናል። ፍራንክ ሪታን የወደዳት ባለማወቋ ውስጥ ስለነበረው ትኩስነት ነበር። ማወቅ ስትጀምር ትኩስነቱ ጠፋ ብሎ ያለቅሳል። ከእንባው ውስጥ ምን ያህሉ ለእሷ፣ ምን ያህሉ ለራሱ እንደሆነ ደራሲው በግልጽ አይነግረንም፤ የሥራው ብስለትም እዚህ ላይ ነው። ደሀ ተማሪን «ተፈጥሮውን አታበላሹበት» እያሉ ከእውቀት ማራቅ ንቀት ነው፤ የፍቅር ልብስ ስለለበሰ ንቀትነቱ አይቀርም።

ለተነሣው ጥያቄ መልሱ በአንድ የፈተና ጥያቄ ይመጣል። ሪታ በጀማሪነቷ፣ የኢብሰንን «ፔር ጊንት» በመድረክ ማቅረብ ያለውን ችግር እንዴት ትፈቺዋለሽ ተብላ፣ በሬዲዮ ቢቀርብ ይሻላል የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ነበር። በመጨረሻው ፈተና ያው ጥያቄ ይመጣል። የጥንቱን መልስ መጻፍ ይቃጣታል፤ ግን ሰፊውን ድርሰት ትጽፋለች። ሁለቱንም ታውቃለች፤ የፈለገችውን መረጠች። ትምህርት የሰጣት ምርጫን ነው። የቀድሞ አንደበቷ አልሞተም፤ ሌላ አንደበት ተጨመረላት። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ተውኔቱ የሚያሸንፈው በዚህች ትንሽ ነጥብ ነው።

ሥራው ጉድለትም አለው። አንደኛ፣ ሪታ ሠራተኛው መደብ ባህል የሚባል ነገር የለውም ትላለች፤ ተውኔቱም ይህን አባባል በበቂ ሁኔታ አይሞግተውም። ይሁን እንጂ በተውኔቱ ውስጥ ከሁሉ የሚጣፍጠው የሪታ የራሷ ንግግር፣ ተረቡና የሊቨርፑል ዘዬዋ ነው። ይህንን ያገኘችው ከዚያው «ባህል የለውም» ካለችው ሰፈር ነው። ሁለተኛ፣ ዴኒ ከመድረክ ውጭ የቀረ አንድ ቀለም ብቻ ያለው ሰው ነው። ለምን እንደሚፈራ ቢነገረንም ራሱ ሲናገር አንሰማውም። ሦስተኛ፣ አንድ መምህርና አንዲት ተማሪ በአንድ ክፍል ለብቻቸው ሲማሩ ማየት ለመድረክ ይመቻል፤ የክፍት ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ማታ ከሥራ መልስ ከተላከለት መጽሐፍ ጋር ብቻውን እየታገለ ነው። የዚያ ድካም ታሪክ እዚህ የለም።

በሉዊስ ጊልበርት አዘጋጅነት የተሠራው ፊልም በ1983 ወጣ። በመድረክ ሪታን የተጫወተችው ጁሊ ዋልተርስ በፊልሙም ሪታ ስትሆን፣ ማይክል ኬይን ፍራንክን ሆኖ ተጫውቷል። ሁለቱም በብሪታንያው የባፍታ ሽልማት ምርጥ ተዋንያን ተብለዋል። ሥፍራው እንግሊዝ ቢሆንም የተቀረጸው ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ፊልሙ ቢሮውን ትቶ ወደ ውጭ በመውጣቱ ያተረፈውም የከሰረውም አለ። የመጠጥ ቤቱን ዘፈንና የእናትን ፊት በዐይናችን ማየታችን ያተርፈዋል። የጠበበችውን ክፍል ማጣቱ ግን ያከስረዋል፤ በተውኔቱ ዓለም ሁሉ በሪታ አንደበት ተጭኖ ሲገባ የነበረው ኃይል በፊልሙ ይበታተናል።

ይህ ሥራ የእኛንም ደጅ ያንኳኳል። በአገራችን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የአቅም ማሻሻያ (ሪሚዲያል) ፕሮግራም ማለፊያ ካላገኙት መካከል የተሻሉትን ወደ ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ፣ እንደገና አስተምሮ የሚፈትን ሌላ በር ነው። የእኛ ተማሪዎች እንደ ሪታ ጎልማሶች አይደሉም፤ መንገዱን ወድደው የመረጡትም አይደሉም። ነገር ግን እንደ እሷ «በሌላ በር የገባ» የሚል ስም ተሸክመው ይቀመጣሉ። ያ ስም በመምህሩ አፍ ስድብ ሲሆን በሩ ተከፍቶም ተዘግቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ከተውኔቱ የምንወስደው ሥራ አለን። እንዲህ ያለ ተማሪ የጻፈውን ስናርም በቀይ ቀለም ከመሰረዛችን በፊት፣ ውስጡ ያለውን ሐሳብ እናንብብለት፤ «ያልከው ይህ ነው፤ ፈተናው ደግሞ እንዲህ ብለህ እንድትጽፈው ይፈልጋል» እንበለው። ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ልዩነቱንም ራሱ ያስረዳ። በሥነ ጽሑፍ ክበብም ሁለት ተማሪዎች ተውኔቱን ተርጉመው ቢያነቡት ብዙ መድረክና ገንዘብ አይጠይቅም። ተማሪዎችም ይህን ይያዙ፦ ሪታ ስንት ጊዜ አፈረች፣ ስንት ጊዜስ ቀድዳ እንደ አዲስ ጻፈች? በየትኛው በር እንደገባች በመጨረሻ የጠየቃት ማንም አልነበረም።