ለአንድ ነገር አንድ ቦታ ይበቃዋልን?
ስለ መጻሕፍት አከፋፈል የቀረበ ሂስ

መጻሕፍትን በየዓይነታቸው ለይቶ ማስቀመጥ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ የሥራ ማቃለያ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው የሚፈልገውን እንዲያገኝ፣ ያልጠረጠረውም መጽሐፍ እንዳለ እንዲረዳ የሚያደርግ መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ አከፋፈል ሲመረመር ሊጠየቅ የሚገባው በወረቀት ላይ ማማሩ ሳይሆን ፈላጊውን ካሰበበት ማድረሱ ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ፣ አሜሪካዊው ሜልቪል ዲዊ እ.ኤ.አ. በ1876 ያሳተመውንና በብዙ አገር የሚሠራበትን የዐሥርዮሽ አከፋፈል በአንድ የአገራችን ጉዳይ ልንፈትነው አስበናል።

ዲዊ ዕውቀትን ሁሉ በ10 ዋና ክፍል፣ እያንዳንዱንም በ10፣ ያንንም እንደገና በ10 ከፈለው። ቁጥሩ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ አዲስ ነገር ሲመጣም ከነጥብ በኋላ ቁጥር እየተጨመረ ቦታ ይገኝለታል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። የአከፋፈሉ መሠረት ግን የትምህርት ዘርፍ እንጂ ነገሩ ራሱ አይደለም፤ ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባለው የስምጥ ሸለቆ በብዙ ጉድጓዶች ውኃ ውስጥ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የሟሟ ፍሎራይድ ይገኛል። የዓለም የጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ የወሰነው ከፍተኛ መጠን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ከዚህ እጅግ የበለጠውን በልጅነቱ የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ብዙ ዘመን ሲጠጣው ደግሞ አጥንቱ ይደርቃል፣ ወገቡም ይጎብጣል። ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስኳር ማምረት በጀመረበት በወንጂ፣ ይህ ጉዳት በሠራተኞችና በቤተ ሰቦቻቸው ላይ መድረሱ በጥናት ታውቋል።

አሁን አንድ ተማሪ የወንጂን ሰው ጥርስ ያበለዘው ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ቢነሣ ወዴት ይሂድ? የጥርስ ሕክምና በ617.6 ነው፤ የአጥንት በሽታ በ616.7፤ የከርሰ ምድር ውኃ በ551.49፤ የመጠጥ ውኃ አቅርቦት በ628.1፤ የስኳር አሠራር በ664.1፤ የአገሩ ታሪክ በ963። በአንድ እንስራ ውስጥ የነበረው ነገር በስድስት መደርደሪያ ተበተነ ማለት ነው። ሐኪሙ ስለ ጉድጓዱ፣ ጉድጓድ አስቆፋሪውም ስለ ጥርሱ ሳያነብ ይቀራል፤ ጉዳቱ ግን የሚደርሰው ውኃውን በሚጠጣው ሕፃን ላይ ነው።

ዲዊን እንዳንበድለው አንድ ነገር መጨመር ይገባናል። እርሱ ይህን መበታተን ስላወቀ፣ አንድ ነገር በየትኞቹ ክፍሎች እንደሚገኝ የሚያመለክት ማውጫ በፊደል ተራ አብሮ አሳትሟል። ነገር ግን ማውጫው ለዓለም ሁሉ የተሰናዳ እንደ መሆኑ፣ የወንጂን ጉድጓድ ከወንጂ ልጆች ጥርስ ጋር እንዲያገናኝልን አንጠብቅበትም። ይህ የእኛው ሥራ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት የስም ነው። አዳማ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ከተባለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟ በይፋ ተመልሶላታል፤ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት፣ ባቱም ዝዋይ ስትባል ኖራለች። ስለዚህ «አዳማ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ናዝሬት» ተብሎ የተጻፈውን ጥናት ያጣዋል። ስሞቹም ብቻቸውን አይበቁም፤ ናዝሬት የገሊላም ከተማ ናት፤ ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም እኩሌታ ሰንበትም ነው፤ ባቱ የባሌም ተራራ ነው። የጸሐፊ ስምም እንዲሁ ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ ስምጥ ሸለቆ የፍሎራይድ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ጥናት በውጭ አገር ጽሑፎች የሚጠቀሰው በአባታቸው ስም ነው፤ እንደ አገራችን ልማድ በ«ረ» ፊደል የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል።

የህንዱ ሊቅ ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1933 ያወጣው አከፋፈል ነገሩን በሌላ መንገድ ይመለከተዋል። የተዘጋጀ ሣጥን ከመፈለግ ይልቅ ጉዳዩን፣ ቦታውንና ዘመኑን ለየብቻ አውጥቶ ያጣምራል፤ «ጥርስ፣ ፍሎራይድ፣ ወንጂ» እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ከዲዊ ይልቅ ለጉዳያችን ይስማማል። ቢሆንም ቁጥሩ ይረዝማል፤ መጽሐፉም በመደርደሪያ ላይ የሚቆመው ያው በአንድ ስፍራ ነው።

የእህል ነጋዴዎቻችን ጤፍን ነጭና ቀይ ብለው ከለዩ በኋላ የተቀላቀለውን ወደ አንዱ አልገፉትም፤ ሰርገኛ ብለው ስም አወጡለት፤ ገዢውም በስሙ ጠይቆ ያገኘዋል። የተቀላቀለ ጉዳይም እንዲሁ የራሱ ስም ያስፈልገዋል።

እኛ የምንለው የዲዊ ቁጥር ይፍረስ አይደለም። ለመደርደሪያው ይቆይ። በዝርዝሩ ውስጥ ግን አንድ መጽሐፍ በአምስት ስፍራ ቢጻፍ የሚከለክል የለም። «ናዝሬት (ኦሮሚያ)፦ አዳማን ተመልከት»፤ «ተክለ ሃይማኖት፣ ረዳ፦ ረዳ ተክለ ሃይማኖትን ተመልከት»፤ «የበለዘ ጥርስ፦ ፍሎራይድን፣ የጉድጓድ ውኃንም ተመልከት» የሚሉ መምሪያዎች በአማርኛም በኦሮምኛም ይሰናዱ። ዝርዝሩ ከካርድ ወደ ኮምፒዩተር መዛወሩ ይህን ድካም አያስቀረውም፤ ሁለቱ ስሞች የአንዲት ከተማ መሆናቸውን አስቀድሞ ማስገባት ያስፈልጋልና። ይህንንም በሩቅ አገር ያለ ባለሙያ ሊሠራልን አይችልም፤ ከተሞቹን፣ ስሞቻቸውንና ውኃቸውን የሚያውቅ ተማሪ ግን ሊጀምረው ይችላል።